100 ዋት ይሻላል ወይስ 200? ስለ እድራችን አምቡላንስ፣ ስለ ሳይረንና ስለ ጆሯችን



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከምርጫም ከዶላር ምንዛሪም የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ትንሽ ታገሱኝ፤ ዞሮ ዞሮ መድረሻው እዚያው ሰፈር ነው።

የእድራችን ኮሚቴ ሰሞኑን አንድ ሥራ ሰጠኝ። እድሩ ለዓመታት አስከሬንና ድንኳን ሲያመላልስበት የኖረውን ሃይሩፍ ሚኒባስ አሳድሶ፣ ከሚመለከተው ቢሮ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለሰፈሩ ሕመምተኞች ማመላለሻ ሊያደርገው ወስኗል። ቃሬዛው ተገኝቷል። ለኦክስጅን ሲሊንደር መዋጮ እየተሰበሰበ ነው። ሁለት የሰፈራችን ነርሶች በፈቃደኝነት ተመዝግበዋል። የቀረው ሳይረኑ ነው። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አምፕሊፋየርና ሞንታርቦ ስጠግን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ «የትኛው ስፒከር እንደሚሻል አወዳድረህ ንገረን» ተባልኩ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አምና ክረምት ላይ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ምጥ ይዟት ደም ይፈሳት ጀመር። አምቡላንስ ተጠራ። እውነቱን ለመናገር አምቡላንሱ ለመነሳት አልዘገየም፤ ሳይረኑን ከቀለበት መንገዱ ማዶ ሆኖ ሰምተነዋል። ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ ባለበት ቆመ። ሁላችንም በር ላይ ቆመን እናዳምጣለን። ይጮኻል፤ አይቀርብም። አሁንም ይጮኻል፤ አይቀርብም። ከእኛ በር እስከዚያ አደባባይ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። አምቡላንሱ ያችን መንገድ ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀበት። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ሐኪሞቹ «ቀድማ ብትደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አላሉንም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፣ ድምፅ ብቻውን ሰው እንደማያደርስ ገብቶታል።

ከሐዘኑ በኋላ በተደረገው የእድር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነስተው፣ «ለሞተ ሰው ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ መኪና አለን። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ምን አለን?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው የለም። መኪናው እንዲታደስ የተወሰነው ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ወደ ስፒከሩ።

ሶማሌ ተራን ዞሬ፣ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎችንም ጠይቄ፣ በመጨረሻ ሦስት ዓይነት ዕቃ ፊቴ አስቀመጥኩ።

አንደኛው ርካሹ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «400 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል። ብድግ ሳደርገው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። ከኋላው ያለችው ማግኔት ከስኒ ማስቀመጫ አትበልጥም። ኮሚቴው መጀመሪያ የወደደው ይሄንኑ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ነዋ!

ሁለተኛው «100 ዋት» የሚል ነው። ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አይያዝም። ወረቀቱ ላይ ዋቱ ብቻ ሳይሆን በ3 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣም ሰፍሯል።

ሦስተኛው ሁለት ባለ 100 ዋት ስፒከሮች በአንድ ባለ 200 ዋት አምፕሊፋየር የሚሠሩበት ነው። ዋጋውም እንደዚያው እጥፍ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሰው እንዳይረበሽ ከከተማ ወጣ ብዬ፣ ሦስቱንም ሜዳ ላይ ለጥቂት ለጥቂት ሰከንድ አስጮህኳቸው። ባለ «400 ዋቱ» ከባለ 100 ዋቱ በግልጽ ያንሳል። ይህ አልገረመኝም። ዋት ማለት ስፒከሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ እንጂ የሚያወጣው ድምፅ አይደለም። ብዙ በልቶ ጥቂት የሚሠራ በየመሥሪያ ቤቱ እናውቃለን፤ ስፒከርም ላይ ያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፦ ሳይረን ስትገዙ ዋቱን ሳይሆን ዴሲቤሉን ጠይቁ፤ በስንት ሜትር ርቀት እንደተለካም ጠይቁ። ያልተጻፈበት ዕቃ አልተለካም ማለት ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሰዉ እንደሚገምተው አይደለም። የድምፅ ሒሳብ እንደ ብር ሒሳብ አይደመርም። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ፊት ለፊት ላለ ሰው ከዚያ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል። የሰው ጆሮ ግን «አሁን ድምፁ እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት። እጥፍ ገንዘብ ከፍሎ እጥፍ ድምፅ የሚጠብቅ ሰው አያገኝም።

አሁን ደግሞ ርቀቱን እንይ። ጥሩ የሚባል ባለ 100 ዋት ሳይረን በ3 ሜትር ላይ 120 ዴሲቤል አካባቢ ያወጣል እንበል። ምንም ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ እንኳን፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ6 ሜትር 114፣ በ12 ሜትር 108፣ በ24 ሜትር 102፣ በ48 ሜትር 96፣ በ96 ሜትር 90 ይሆናል። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ደግሞ ከውጭ ከሚመጣው ድምፅ 30 ዴሲቤል ያህል ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ 100 ሜትር ያህል ፊት ያለው ሹፌር ጆሮ የሚደርሰው 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ሙዚቃ አለ፣ ሞተር አለ፣ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» የሚል ረዳት አለ። ሹፌሩ ሳይረኑን የሚሰማው አምቡላንሱ ከኋላው ሲለጠፍ ነው። ያኔ ደግሞ በግራም በቀኝም መኪና ተሰልፏል፤ ቢፈልግም የሚሄድበት የለውም። ሕንፃ በከለለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን የሚመጣው ሹፌርማ ከዚህም ያነሰ ነው የሚሰማው።

ሦስተኛው ነገር የሚገጠምበት ቦታ ነው። አብዛኛው ሰው ጣሪያ ላይ ይወዳል፤ ከሩቅ ይታያል፣ ያምራል። ግን ጣሪያ ላይ ያለ ስፒከር ውስጥ ያሉትን ሰዎች ያደነቁራል። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ ለቀኑ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሹፌሩና ነርሷ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ናቸው። ታማሚውም እዚያው ነው፤ ነርሷ ደረቱን በማዳመጫ ልትሰማ ስትሞክር ሳይረኑ እላይዋ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ የሚመረጠው ከፊት፣ ፓራውልቱ አካባቢ ዝቅ አድርጎ ወደፊት አቅጣጫ ማስያዝ ነው። ድምፁ የፊተኛው መኪና ስፖኪዮ ወዳለበት ከፍታ ይሄዳል፤ ውስጥ ያሉትም ጆሮ ይተርፋል።

አራተኛው የድምፁ ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚለው ረጅሙ ጩኸት ለቀጥታ መንገድ ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጠው መስቀለኛና አደባባይ ሲቃረብ ይጠቅማል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ሁለት ኖታ የሚያፈራርቀውን ይጠቀማሉ። የጃፓን አምቡላንስም እንደዚሁ በ960 እና በ770 ኸርዝ መካከል ይመላለሳል፤ ማንም ሰው ሰምቶ ከፖሊስ መኪና ይለየዋል። በአሜሪካ ደግሞ «ራምብለር» የሚባል መሣሪያ አለ። እርሱ ከ180 እስከ 400 ኸርዝ ገደማ ባለው ወፍራም ድምፅ ነው የሚሠራው፤ ወፍራም ድምፅ የተዘጋ መስኮትን በተሻለ ያልፋል፣ ሹፌሩም መሪውን የጨበጠ እጁ ላይ ንዝረቱ ይሰማዋል። ሌላም ችግር አለ፦ የሳይረን ቀጭን ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለጆሮ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሹፌር ሳይረን ሲሰማ መጀመሪያ የሚደናገጠው፤ ከግራ ይሁን ከቀኝ ሳያውቅ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ብዙ ድምፆች የተቀላቀሉበት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አቅጣጫውን ለመለየት ይቀላል፤ አንዳንድ ሳይረኖች ጣልቃ እያስገቡ የሚያሰሙትም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለኮሚቴው አቀረብኩ። ምክሬ ቀላል ነበር፦ አንድ ጥሩ ባለ 100 ዋት፣ ከፊት ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ድምፁን እንደመንገዱ መለዋወጥ የሚችል። ለሁለተኛው ስፒከር ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለኦክስጅኑ ይሁን።

የእድሩ ዳኛ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። «አምና የመጣው አምቡላንስ ስፒከሩ ደካማ ነበር እንዴ?» አሉኝ። አልነበረም። ሁላችንም ከሩቅ ሰምተነዋል። እኛ በር ላይ ሆነን የሰማነውን፣ አጠገቡ የተሰለፉት ሹፌሮች ቢያንስ ሲደርስባቸው ሰምተውታል። ታዲያ መንገዱ ለምን አልተከፈተም?

መልሱን የሰጡን ከኋላ የተቀመጡት የቀድሞው ጥሩምባ ነፊያችን ናቸው። ጋሼ አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል። «እኔ አርባ ዓመት ነፋሁ» አሉ። «ጥሩምባዬ ትንሽ ናት። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ስነፋ ግን ተኝቶ የቀረ ሰው አልነበረም። ለምን? ለሞት እንጂ ለሌላ ነገር ነፍቼ አላውቅም። አንድ ቀን ለመሳለቅ ብነፋ ኖሮ፣ በማግስቱ የእናቴን ሞት ብነግራቸውም አይነሱም ነበር።»

ቤተሰቦች፣ በየትኛውም ካታሎግ ላይ ያልተጻፈው መለኪያ ይህ ነው። ስፒከር የሚያወጣው ድምፅ ጆሮ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ከጆሮ አልፎ መሪ የሚያስጠመዝዘው እምነት ነው። ሳይረን የሰማ ሹፌር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለራሱ የሚያነሳው ጥያቄ «ምንድን ነው?» የሚል አይደለም፤ «እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። በከተማችን የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ «አይደለም» እየሆነ መጥቷል።

ከሱቄ ልጀምር። በእነዚህ ዓመታት ሳይረን ግጠምልን እያሉ የመጡትን ሰዎች አልረሳቸውም። አንዱ አዲስ መኪና የገዛ ጎረምሳ ነው፤ «ለጨዋታ ነው» አለኝ። አንዱ ሠርግ አጃቢ መኪና የሚያከራይ ነው። አንዱ ደግሞ የሆነ ኃላፊ ሹፌር ነው፤ «አለቃዬ መንገድ ሲዘጋበት ይበሳጫል» አለኝ በግልጽ። ሁሉንም መልሻቸዋለሁ። ግን ገጣሚ አይጠፋም፤ ከእኔ ሱቅ ወጥቶ ሦስተኛው በር ላይ ይገጠምለታል። ከዚያ ያ መኪና ጠዋት ቦሌ መንገድ ላይ ይጮኻል፤ ሰዉ ጥግ ይይዝለታል፤ ሲያልፍ መስኮቱ ውስጥ ያያል፤ ኮቱን ለብሶ ስልኩን የሚነካካ ሰው ተቀምጧል። ያ ጥግ የያዘው ሹፌር ነገ ምን ያደርጋል? አምቡላንስ ሲመጣ ያንኑ ኮት የለበሰ ሰው ያስታውሳል።

አጀቡንም እንዲሁ። የአገር መሪዎች ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን ማንም አይክድም፤ አዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፣ እንግዳ ይበዛባታል። ክርክሬ እሱ ላይ አይደለም። ክርክሬ ከመሪዎቹ በታች ያለው፣ ከእርሱም በታች ያለው፣ ቀጥሎም የእርሱ ምክትል፣ ስብሰባ ረፈደብኝ ብሎ ሳይረን ሲያስጮህ ነው። መንገድ ሲዘጋም፣ ተዘግቶ በቆመው ሰልፍ ውስጥ አምቡላንስ ቢኖር ማን እንደሚያሳልፈው በግልጽ የታወቀ ነገር ሊኖር ይገባል። በሕጉ ቅድሚያ የተሰጠው ለአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ነው። በተግባር ግን ቅድሚያው ወደ ሥልጣን ከዞረ፣ ሳይረን «ሰው ሊሞት ነው» ማለቱ ቀርቶ «እኔ እበልጣለሁ» ማለት ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ድምፅ ሕዝብ በፍርሃት ይለቃል እንጂ በፈቃዱ አይለቅም። የማይፈራው አምቡላንስ ሲመጣ ደግሞ አይለቅም።

አምቡላንሶቻችንም ራሳቸውን ይመርምሩ። «ባዶውን ነው፣ ምሳ ሊበላ ነው» የሚለው የታክሲ ውስጥ ወሬ ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚመስለው አምቡላንስ ሕመምተኛ ሊያነሳ እየሄደ ነው። ነገር ግን ወሬው ጨርሶ ከሜዳ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግሪንቪል በምትባል የሰሜን ካሮላይና ከተማ ውስጥ ሳይረንና መብራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥቡ ለክቶ ነበር፤ በአማካይ 43.5 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር አትነጻጸርም። ቁም ነገሩ ግን ሳይረን ተአምር አለመሆኑ ነው። እግሩ ለተወለከፈ ሰው ሳይረን አስጩኾ መሄድ ለታማሚው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ለመንገደኛው አደጋ ያመጣል፤ ነገ ደም ለሚፈሳት እናት የሚሆነውን እምነት ደግሞ ያሟጥጣል።

ጀርመኖች ይህን ነገር ከስፒከር ነጥለው አይተውታል። ከከተማ ውጭ ባለ አውራ ጎዳናቸውና ባለብዙ መስመር መንገዳቸው ላይ፣ ትራፊኩ መንቀርፈፍ ሲጀምር ሹፌሮች ሳይረን እስኪሰሙ አይጠብቁም፤ በግራው መስመር ያለው ወደ ግራ፣ የቀሩት ወደ ቀኝ ተጠግተው መሐሉን ክፍት ያደርጋሉ። ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይህን ያላደረገ ሰው ቢያንስ 200 ዩሮ ይቀጣል። እዚያ አምቡላንሱ የሚደርሰው የተከፈተ መንገድ ላይ ነው። የእኛን መጨናነቅ፣ የእኛን ጠባብ መንገድ አውቃለሁ፤ እንዳለ ይገልበጥ አልልም። ግን በየአደባባዩ የቆመ የትራፊክ ፖሊስ አለን፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች አሉን። አምቡላንስ ሲመጣ በየትኛው በኩል እንደሚጠጋ በተግባር የተለማመደ ሠልጣኝ ስንት ነው?

ለማጠቃለል ያህል ጥቂት ነገር ልበል።

ሹፌር ለሆናችሁ፦ ሳይረን ስትሰሙ የሙዚቃውን ድምፅ ቀንሱ፣ ስፖኪዮ እዩ፣ ምልክት አሳይታችሁ ወደ ጥግ ያዙ። መሐል መንገድ ላይ ድንገት አትቁሙ። ካለፈ በኋላም ጭራውን ይዛችሁ አትከተሉ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በሌላ ሰው ሕመም መንገድ እየነገደ ነው።

ሳይረን በግል መኪናው ያስገጠመ ካለ፦ ዛሬ ያስነቅል። ነቃዩ እኔ ልሁን፤ በነፃ ነው።

ደንብ አስከባሪ ለሆናችሁ፦ ማን ሳይረን መግጠም እንደሚችል፣ መቼ ማስጮህ እንደሚችል ቁጥጥሩ ይጥበቅ። ከታክሲ ሹፌር በፊትም ባለሥልጣን የጫነውን መኪና ጠይቁ። ያኔ ሌላው ሳይነገረው ይገባዋል።

ሁላችንም፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 መሆኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስትደውሉም አንድ ሰው ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ መኪናውን እየመራ ያምጣ። ከስፒከሩ ይልቅ ይህ ብዙ ደቂቃ ያድናል።

የእድራችን መኪና አሁን ፈቃዱን እየጠበቀ ነው። ስፒከሩን ባለፈው ሳምንት ገጥሜዋለሁ፦ አንድ፣ 100 ዋት፣ ከፊት ዝቅ ብሎ። ኮሚቴው ከዚህ ጋር አንድ ውሳኔ ጨምሯል፤ ሹፌሩ ሳይረኑን ያስጮኸበትን ቀን፣ ሰዓትና ምክንያት በመዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ሐሳቡ የጋሼ ጥሩምባ ነፊው ነው።

በእናንተስ ሰፈር አምቡላንስ ሲመጣ ምን ይሆናል? ያያችሁትን ከታች ጻፉልን።

ቸር ያሰማን።